የባዬ የቅዳሜ ደንበኛ

ባዬ ፀጉር አስተካካዩ ሰውን በፊቱ አያውቅም። መንገድ ላይ «ጋሽ ባዬ፣ እንደምን ዋሉ?» ያለውን ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል እንጂ ስሙ አይመጣለትም። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ግን ማጅራቱንና አናቱን አይቶ፣ «አሃ፣ እገሌ ኖሯል እኮ!» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዋሳ መሃል ከተማ፣ መስታወቷ ጥግ ላይ በተሰነጠቀች ጠባብ ቤት ቆሞ የሰው ራስ ከኋላ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ምን ይደረግ! ሚስቱ ዘነበች እንኳ፣ «እኔንም ገበያ መሃል ብታገኘኝ የምትለየኝ በሹሩባዬ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። ዘነበች ትስቅ በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው።

ደግሞ ባዬ ደም አውጥቶ አያውቅም። ሽማግሌ ይላጭ፣ ሕፃን ይላጭ፣ እጁ ለስላሳ ነው፤ ደንበኞቹ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በዚህ ይኮራል። ሌላ የሚኮራበት ብዙም የለውም፤ ምክንያቱም ባዬ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ የለየለት ፈሪ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። መፈክር ሲባል እጁን ከሁሉ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ ቤቱ ሲገባ ያ ያነሳው እጅ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ዘመን ፈሪ ያልነበረ ማን አለ? እኔም ያው ነበርኩ፤ አልፈርድበትም።

ልጃቸው አንዲት ናት፣ ብርቅዬ። ሁለት ከቀበሩ በኋላ የተረፈች ናትና ስሟ ከዚያ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል፤ ይህን ሳወራ «እሷ» እላለሁ። ባዬ በልቡ እንደዚያ ይላት ስለነበር ነው። እሷ ራሷ ሌላ ብትባል ትወድ እንደነበር አላጣሁትም። ግን የማወራላችሁ የባዬን ነውና በባዬ አፍ ልሂድ፤ አትቆጡኝ።

ብርቅዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀሚስ ሲያለብሷት የታሰረች ጥጃ ትሆን ነበር። ሐይቅ ዳር ከወንዶቹ ጋር ዓሣ ስታጠምድ ውላ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ጠቅልላ ቋጥራ ትመጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል ወንበሩ ላይ ጉብ አለችና፣ «አባዬ፣ እንደ ወንዶቹ ቁረጠኝ» አለችው። ባዬ ሳቀ። ለጨዋታ ብሎ ከግንባሯ ላይ ጥቂት ቆረጠላት። መስታወቱን አይታ ፈገግ ያለችው ፈገግታ ግን የጨዋታ አልነበረም። ባዬን ፍርሃት መጀመሪያ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። «በይ ውረጂ! ሴት ልጅ ነሽ። ሁለተኛ እዚህ ወንበር ላይ እንዳላይሽ» አላት፤ ድምፁም ካሰበው በላይ በርትቶ ወጣ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ አልተቀመጠችም።

አሥራ ሰባት ሲሞላት ዘነበች ባል አገኘችላት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሑድ ጠዋት ብርቅዬ የአባቷን መቀስ ይዛ ጓዳ ገባች። እናቷ ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብላ የሠራችላትን ሹሩባ ከሥሩ ከርክማ፣ የአባቷን ሱሪ ለብሳ ወጣችና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እጅ ነሳች። ወይ ጉድ! ሰዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው እብስ አሉ። ዘነበች የተቆረጠውን ሹሩባ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰው እንደሞተባት እየተንሰቀሰቀች፣ «ቀሚስ ለብሰሽ ካልመጣሽ ይህን ደጅ እንዳትረግጪ! ሰማሽ?» አለቻት። ባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልወጣውም። ብርቅዬ በአጠገቡ አልፋ ስትወጣ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው።

ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ የበላት ጅብ አልጮኸም።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ቅባት የጠጣ ቱታ የለበሰ ወጣት ገባ፤ ተራውን ጠብቆም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለ። ባዬ ፊቱን አላየም፤ መቼ አይቶ ያውቃል። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ማበጠሪያውን አነሳ፣ አናቱ ጋ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። ፀጉሩ አናቱ ላይ ሁለት ቦታ ይዞራል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። እንዲህ ያለ አናት ባዬ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያውቃል። አጥቦታል፣ ቅቤ ቀብቶታል፣ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ በመዳፉ ደግፎ ውኃ አጠጥቶታል።

ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ዓይኖቿ ይጠብቁታል። ከኋላው አግዳሚው ላይ አራት ሰው ተቀምጧል። ከአራቱ አንዱ ጎረቤቱ ደበሌ ነው፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ፀጉሩን ባይቆረጥም በየቅዳሜው ጋዜጣ ሊያነብ የሚመጣ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው የማያነሳ ሰው።  «ውጪልኝ» ሊላት ይችል ነበር። ልጄ ብሎ ሊያቅፋትም ይችል ነበር። ምን አለ መሰላችሁ?

«አጭር ላድርገው?»

«አጭር» አለች።

ከዚያ በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ትመጣለች። አባትና ልጅ የሚገናኙት በዚያ ወንበር ላይ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ባዕድ ሆነው ነው። «ከወዴት ነህ?» ይላታል፣ እንዲሰማ ጮክ አድርጎ። «ከሻሸመኔ ነኝ ጋሼ፤ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ እሠራለሁ። በኃይሉ እባላለሁ።» «እናት አባት አሉህ?» «አሉ።» «ይጠይቁሃል?» «አባቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ያየኛል።» የዚህን ጊዜ ባዬ መቀሱን ያለ ሥራ አየር ላይ ያንቀጫቅጨዋል፤ ዓይኑ እስኪደርቅለት። ሌሎቹ ደንበኞች፣ «ባዬ ይሄን ልጅ ሲቆርጥ እንዴት ይረዝምበታል!» እያሉ ያሙታል።

ለዘነበች አልነገራትም። «ከልጅቱ ወሬ ሰማህ?» ስትለው፣ «ከየት ሰምቼ» ይላል። ዘነበችን ይፈራል፣ ጎረቤቱን ይፈራል፣ ንስሐ አባቱን ይፈራል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚፈራው ልጁ የሆነችውን ነገር ነው። ምን እንደሚባል አያውቅም። የሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ ስድብ ናቸው፤ እነሱን በልጁ ላይ ማኖር ደግሞ አልሆንልህ አለው። አንድ ቀን ከደንበኞቹ አንዱ፣ «አንተ ጎበዝ፣ ሚስት አታገባም እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። እሷም መስታወቱ ውስጥ አባቷን እያየች፣ «አንዲት ልጅ አለች። ትዕግሥት ትባላለች፤ ሻይ ቤት ነው የምትሠራው» አለች። ባዬ ምላጩን ከአንገቷ ላይ አነሳ። «ታውቃለች?» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ታውቃለች ጋሼ። ምንም አልደበቅኋትም።» ባዬ የቀረውን ፀጉር ቆርጦ ጨረሰ። ጨርቁን ሲፈታላት ግን አንገቷ ላይ የቀረውን ፀጉር በብሩሽ ሳይሆን በእጁ አራገፈላት።

ኅዳር ሰማንያ አንድ ላይ አፈሳ ተጀመረ። ሰሜን ላይ ጦሩ እያለቀ ነው፤ ይህን ማንም አያወራም፣ ሁሉም ያውቃል። በስም የተጠሩት ወጣቶች ሲሸሹ፣ ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶቡስ ላይ የተገኘውን እያነሱ መጫን ሆነ። እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን ኮርኒስ ውስጥ ደበቁ። መሃል ከተማ በጠራራ ፀሐይ ወጣት ጠፋበት፤ የባዬም ወንበር ባዶውን ዋለ።

ብርቅዬ የምትመጣበት ቅዳሜ ደረሰ። ባዬ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ሲያይ ቆየና፣ እስከ አምስት ሰዓት ስትቀርበት፣ «ተመስገን፣ ሰምታ ቀርታለች» ብሎ ተነፈሰ። ስድስት ሰዓት ላይ ደበሌ መጣ። ጋዜጣ አልያዘም፤ ጠመንጃ ነው ያነገተው። «ባዬ፣ ምላጭህን ያዝና ተከተለኝ። የከተማው ፀጉር አስተካካይ በሙሉ ይፈለጋል» አለው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ጊዜ አልነበረም።

የወሰደው ከከተማው ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ግቢ ነው። ሦስት መቶ የሚሆን ወጣት መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጧል። ከአጥሩ ውጭ እናቶች ይጮኻሉ። የግቢው ኃላፊ ጓድ ገብረየስ የሚባል፣ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት የቀላ ካድሬ ነው። አምስቱን ፀጉር አስተካካዮች በአምስት በርጩማ ፊት አቆማቸው። «እስከ ማታ ሁሉም ይላጭ!» አለ። «ነገ ጠዋት ሐኪም ይመጣል፤ ልብሳቸውን አውልቀው ይመረመሩና ጉዞ ነው። ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ! ወንበዴ ሴቶቹን ፀጉር ቆርጦ፣ ሱሪ አልብሶ ሰርጎ ገብ ይልካል። የተጠራጠራችሁትን ወዲያው ጠቁሙ።»

ባዬ ሥራውን ጀመረ። ፊት ባለማወቁ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እግዜርን አመሰገነ። የማን ልጅ እንደሆነ ሳያይ፣ የወጣት ራስ ከሥሩ እየተጎነበሰ፣ ሃያ ሦስት ላጨ። ሃያ አራተኛው ተቀመጠ። ባዬ ቶንዶሱን ከማጅራት ጀምሮ ወደ ላይ አወጣው። አናቱ ላይ ሲደርስ ፀጉሩ ሁለት ቦታ ዞረ።

በስመ አብ! ባዬ የያዘው ቶንዶስ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።  ፀጉሯን እሱ እንዲቆርጣት ስትመጣ ነው የያዟት፤ ከአውቶቡሱ ሳትወርድ። አጎንብሶ ጆሮዋ ሥር፣ በጥርሱ መሃል፣ «ለምን አልተናገርሽም? ሴት ነኝ ብትያቸው ይለቁሽ አልነበር?» አላት።

«አላልኳቸውም» አለች። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ነገ ሐኪም እኮ ልብስ ያስወልቃል!»

«ሰምቻለሁ።»

«ልናገር። አሁኑኑ ሄጄ ልጄ ናት ልበለው።»

«አባዬ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ። ሰውዬው ያለውን ሰምተህ የለም? ሰርጎ ገብ ብለው ነው የሚወስዱኝ። ባይወስዱኝስ? የጋራዡ ልጆች አብረውኝ ተይዘው እዚህ ናቸው። በነሱ ፊት አታዋርደኝ።»

ከፊት ለፊታቸው ተራውን የያዘው አንዱ የጋራዥ ጓደኛዋ ነበር፤ ወንድሙ ይባላል፣ ጢም እንኳ በወጉ አላበቀለም። ዓይኑ በእንባ አብጧል። «ጋሼ፣ በኃይሉን ቶሎ ይጨርሱልኝ» አለ። «እሱ ከጎኔ ሲሆን አልፈራም።»

አስቡት እንግዲህ። ቢናገር፣ ልጁን መርማሪ ይወስዳታል፤ በዚያ ዘመን መርማሪ የወሰደው ሰው እንዴት እንደሚመለስ ባዬ ያውቃል፤ የማይመለሰውንም ያውቃል። ቢተዋት፣ ነገ ጠዋት በሦስት መቶ ወንድ መሃል ልብሷን ያስወልቋታል። ላብ ከግንባሩ እየወረደ ዓይኑን አቃጠለው። ጓድ ገብረየስ በረድፎቹ መሃል እያለፈ ነው፤ ሁለት ረድፍ ቀርቶታል። ባዬ ሮጦ ማምለጥ ተመኘ፤ አልዋሽላችሁም። ትቷት መሮጥ። እግሩ ግን አልሄደለትም። እጁ ደግሞ አናቷ ላይ ነበረ፤ ራሷ ሲንቀጠቀጥ በመዳፉ ተሰማው። ያ ሁሉ ድፍረት የመሰለው ነገር ለካ እንደሱው ፍርሃት ኖሯል።

የዚህን ጊዜ ነው ቆረቆር የታወሰው። አንድ ጊዜ የጤና ሰዎች ፀጉር አስተካካዮቹን ሰብስበው፣ ቆረቆር ያለበትን ራስ ከነኩ በኋላ በዚያው ምላጭ ሌላ ሰው እንዳይላጩ አስጠንቅቀዋቸው ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሺሁ ይጋባል ብለው። ባዬ እንደ ልማዱ ፈርቶ ቃል በቃል ነበር የያዘው።

«እንዳትነቃነቂ» አላት። «ምንም ቢሆን እንዳትጮሂ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ደም አውጥቶ የማያውቀው ምላጭ የልጁን ራስ ፋቀ። ቆዳውን እንደ ስሙኒ ክብ አድርጎ ላጠው፤ አንድ ቦታ፣ ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ፣ ያን ሁለት ዙር ፀጉር ሳይቀር። አልኮል የተነከረ ጥጥ ቁስሉ ላይ ፈተገበት። ብርቅዬ የበርጩማውን ጠርዝ ጨብጣ ቀጥ አለች፤ ትንፋሿ ብቻ በአፍንጫዋ ይሰማል። በላዩ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ ነሰነሰበት፤ የሚቀረፍ ቆዳ መሰለ። የባዬ እንባ ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር፤ ደግነቱ፣ ላየው ሁሉ ላብ ብቻ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወደ ኋላ ዘለለና እሪ አለ። «ኧረ ቆረቆር! ኧረ ጉድ ሆንኩ! ቆረቆር ነው!»

ወንድሙ ሳይቀር ወደ ኋላው ሸሸ። ጓድ ገብረየስ እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?»

«ጓድ፣ ይዩት፤ ራሱን ይዩት! ከዚህ አንስቼ ሌላውን ብላጭ ግቢው በሙሉ በሳምንት ውስጥ ራሱን ሲፎክት ነው የሚውለው።»

«ነገ ሐኪም ያየዋል።»

«እስከ ነገ እኮ ከሦስት መቶ ሰው ጋር አንድ ሰሌን ላይ ሊተኛ ነው!» አለ ባዬ። ከየት እንዳመጣው አያውቅም፤ ምላሱ በራሷ ሄደች። «ኋላ ጦሩ በሙሉ ቆረቆራም ሆኖ ሲደርስ፣ ማን ነበር የላከው ተብሎ ሲጠየቅ፣ እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ ጓድ፤ እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

የጓድ ገብረየስ ዓይን ተቅበዘበዘ። ባዬ ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ በገዛ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው ነው። ለካ ሰውየውም የሚፈራው አለው። ግን ወዲያው ቅንድቡን ሰበሰበ። «አንተ ምን እንዲህ አንገበገበህ? ልጁን ታውቀዋለህ?»

ባዬ ልጁን አየ። ያየው ፊቷን ነው። ከሁሉ ደንበኞቹ ፊት አንድ እንኳ የማያስታውስ ሰው፣ ያን ቀን ያየውን ፊት እስኪሞት አልረሳውም።

«የት አውቄው?» አለ። «የማንም ውርጋጥ ነው።»

«እንግዲያው ራስህ አውጣው። ወታደሮቼ አይነኩትም።»

ባዬ የቱታዋን አንገት ጨምድዶ ያዘ። በሦስት መቶ ሰው መሃል፣ እየገፋ፣ «ሂድ ከዚህ! ቆረቆራም!» እያለ እስከ በሩ ጎተታት። ሰው ሁሉ ልብሱን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀላቸው። በሩ ላይ ጓድ ገብረየስ እያየ ነበርና በርትቶ ገፈተራት። በጉልበቷ ወደቀች። ዞር ብላ አየችው፤ ደሙ በግንባሯ ይወርዳል። ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ ባዬ ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። በሩ ተዘጋ። ጓድ ገብረየስ «በሱ ምትክ አንድ ይምጣ!» ሲል ባዬ ሰማ። ማን እንደመጣ ባዬ አልጠየቀም። ተመልሶ በርጩማው ጋ ቆመና፣ በአዲስ ምላጭ፣ ወንድሙን ላጨው። ከወንድሙም በኋላ ሌላ ሠላሳ አምስት።

ከዚያ ቀን በኋላ ባዬ እህል ከአፉ አልገጥም አለው። አሥራ አምስት ቀን አለፈ፤ አልመጣችም። ወር ሆነ፤ አልመጣችም። ቁስሉ አመርቅዞ ይሆን? መንገድ ላይ ዳግም አፍሰዋት ይሆን? ወይስ ያፈረባት መስሏት ይሆን? በዘጠኝ ዓመቷ ውረጂ እንዳላት፣ በሩ ላይ ቆሞ ዝም እንዳላት፣ አሁንም ሊያስወግዳት ብሎ ያደረገው መስሏት? ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ አንጀቱን በላው። ሻሸመኔ ሄዶ እንዳይጠይቅ፣ ምን ብሎ ይጠይቃል? የማን አባት ነኝ ይላል?

አንድ ቀን ዘነበች ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «አንድ ነገር ግን አመሰግናለሁ» አለች። «የትም ትሁን የት፣ ሴት መሆኗ በጀኝ። ወንድ ብትሆን ኖሮ ይወስዱብኝ ነበር እኮ፣ ባዬ።» ያቺ ደጅ እንዳትረግጪ ያለች ሴት፣ ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ባዬ ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሁለቱም ያችኑ ልጅ እያሰቡ አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ሲነዱ መክረማቸውን ያን ቀን ነው ያወቀው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ሱቁ ሞልቷል። አፈሳው ጋብ ብሎ ሰው ወጣ ወጣ ማለት ጀምሯል። ደበሌም ከነጋዜጣው አግዳሚው ላይ ነው። ኮፍያ ያደረገ ወጣት ገባ፤ ተራውን ጠብቆም ተቀመጠ። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለና ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ በቅሏል። ሦስት ቦታ ግን እንደ ስሙኒ ክብ ክብ ሆኖ ባዶ ቀርቷል፤ አናቱ ላይም ያ ሁለት ዙር የለም።

ባዬ ጨርቁን ይዞ ቆመ። አንገቷ ላይ ማሰር አቃተው።

ደበሌ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «ኧረ ባዬ! ይሄ ልጅ ቆረቆር አለበት እኮ! ምላጭህን እንዳታስነካው!» አለ። አጠገቡ የተቀመጡትም ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ ተነስቶ በሩ ጋ ቆመ። ብርቅዬ ኮፍያዋን መልሳ ለማድረግ እጇን ሰደደች። እንደለመደችው ልትወጣ ነው፤ በአጠገቡ አልፋ፣ ትከሻው ትከሻዋን ነክቶ።

«ቆረቆር አይደለም» አለ ባዬ። «የዳነ ቁስል ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

 መስታወቱ ውስጥ የደበሌ ዓይን አለ፣ የሰዎቹ ዓይን አለ፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ የሷ ዓይን አለ፤ «ተው» እያለችው ነው። ዛሬ እዚህ የተነገረ ነገር ከምሳ በፊት ሰፈር ይደርሳል። ከምሳ በፊት ዘነበች ትሰማለች።  ፈሪ ነው አላልኳችሁም? ፍርሃቱ የትም አልሄደለትም።

«ልጄ ነዋ» አለ።

 ደበሌ መስታወቱ ውስጥ ሁለቱን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። ጎረቤት ነው፤ ያችን ሕፃን ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ ከሐይቁ ስትመለስ ስንቴ አይቷታል። «አንተ ያለህ ልጅ አንድ አይደለም እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንድ ነው» አለ ባዬ። እጁን፣ ያን የሚንቀጠቀጠውን እጅ፣ ባዶ በቀረው አናቷ ላይ አሳረፈ። «ይኸው።»

ደበሌ ጋዜጣውን አጠፈ፤ ሁለት ጊዜ አጠፈ። ተነስቶ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ፣ ለማን ምን እንደሚል ማንም አላወቀም። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ፣ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ተከተሉት። አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

«ያን ቀን ምን አድርጎኛል ብለሽ—» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

«በሩ ሲዘጋ ነው የገባኝ» አለች። «ከዚያ በፊት ግን አልገባኝም ነበር፤ አልዋሽህም። የዘገየሁት እሱን እስክረሳ ነው።»

ባዬ ፀጉሯን ቆረጠላት፣ አጭር። ሲጨርስ አንገቷን በእጁ አራገፈና ምላጩን፣ መቀሱን፣ ማበጠሪያውን ሳጥን ውስጥ ከተተ። ቅዳሜ በጠራራው ሱቁን ሲዘጋ ያየው ጎረቤት ሁሉ ገረመው። «ነይ» አላት ቁልፉን እያዞረ፤ ሁለት ጊዜ ስቶት በሦስተኛው ነው የገባለት። «ሌላ ሰው ከሚነግራት እኛው እንቅደም። እናትሽ ቤት አለች።»

ብርቅዬ ቱታዋን ዝቅ ብላ አየች። «ቀሚስ አልለበስኩም እኮ አባዬ።»

«አይቻለሁ» አለ ባዬ፤ ክንዷንም ይዞ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።